ኳሱ ሳይደርሰው የሚያይ አማካይ

ውድ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ የውድድር ዓመታችሁን ያጠናቀቃችሁ ታዳጊ ተጫዋቾች፤

ስለ አንድ ታላቅ አማካይ እንድናገር ስትጋብዙኝ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የምናገረው ስለ እንግሊዛዊው ፖል ስኮልስ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስኮልስ በ1974 በሳልፎርድ ተወለደ። ቁመቱ አጭር ነበር፣ አስም ነበረበት፣ ፈጣን ሯጭም አልነበረም። ሆኖም በማንችስተር ዩናይትድ ማሊያ ብቻ 718 ጨዋታዎችን አድርጎ 155 ግቦችን አስቆጥሯል፤ የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫም 11 ጊዜ አንሥቷል።

እኔ ግን እንድታዩልኝ የምፈልገው አንገቱን ነው። የቀድሞ ጨዋታዎቹን ስታገኙ ዓይናችሁን ከኳሱ ላይ አንሡና እሱን ብቻ ተከተሉት። ኳሱ ገና በሌላ ተጫዋች እግር ሥር ሳለ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ያያል። ሲደርሰው አያመነታም። ተጋጣሚው ሊነጥቀው ሲደርስ ኳሱ ሜዳውን አቋርጦ በሌላኛው መስመር ያለው ጓደኛው ዘንድ ደርሷል። የእግሩ ዝግታ ያልጎዳው ለዚህ ነው።

በ2000 በብራድፎርድ ሜዳ የቡድን ጓደኛው ቤካም ከማዕዘን የላከለትን ኳስ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ ሆኖ፣ መሬት ሳይነካ፣ መረብ ላይ አሳረፈው። በ2008 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ባርሴሎናን ከርቀት በመታት አንዲት ግብ አሰናበተው። ያቺ ግብ ዩናይትድን ሞስኮ ላይ ወደተደረገው ፍጻሜ ወሰደች፤ ዋንጫውም ተገኘ።

ጉድለቱን አልደብቅባችሁም። ኳስ መንጠቅ አይችልበትም ነበር፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ካርድ ያያል። በ1999 ቱሪን ላይ ከጁቬንቱስ ጋር ሲጫወቱ ባየው ቢጫ ካርድ ምክንያት በባርሴሎናው ካምፕ ኑው ስታዲየም የተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አመለጠው። ለአንድ ተጫዋች ከዚህ የከበደ ቅጣት አላውቅም።

በ2011 ጫማውን ሰቀለ። ቡድኑ መሃል ሜዳው ላይ ሲቸገር ግን በጥር 2012፣ በ37 ዓመቱ፣ ከማንችስተር ሲቲ ጋር በተደረገው የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። 11ኛው የሊግ ዋንጫ የተገኘው ከተመለሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። ለእንግሊዝ የተጫወተው 66 ጊዜ ብቻ ነው። በ1999 ዌምብሌይ ላይ በፖላንድ መረብ ሦስት ግቦችን ያስቆጠረ ሰው፣ ሌሎቹ የእንግሊዝ አማካዮች ጄራርድና ላምፓርድ መሃሉን ሲይዙ ወደ ግራ መስመር ተገፋ። በመስመር ላይ ሲቆም ግማሽ ሜዳው ይዘጋበታል፤ ያ የሚዞር አንገት ምን ይጠቅመዋል? ከ2004 የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ። ሦስቱም ድንቅ ተጫዋቾች ነበሩ። ከሦስቱ ጨዋታውን መምራት የሚችለውን ወደ ዳር ማውጣት ግን፣ በእኔ እምነት፣ የዚያ ትውልድ ትልቁ ስሕተት ነበር።

ስለዚህ አሰልጣኞች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ደቃቃና ዝግተኛ፣ ነገር ግን ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ጉልበተኞቹን ለማስገባት ብላችሁ ወደ መስመር አታውጡብን። መሃል ላይ አጫውቱት።

አመሰግናለሁ።