ማን ማንን ይመራል? እምነትና ፖለቲካ በአሜሪካ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ልቤ ውስጥ ሲመላለስ የሰነበተ ነገር ስላለ እሱን ላካፍላችሁ።

ስለ አሜሪካ ሲወራ «አማኙ እምነቱን ይዞ ነው ድምፅ የሚሰጠው» እንላለን። ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፖለቲካው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የቱ ኃጢአት ከባድ፣ የቱ ቀላል እንደሆነ ሲወስን።

ፒአርአርአይ የተባለ የጥናት ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በግል ሕይወቱ ነውር የሠራ ሰው የመንግሥት ኃላፊነቱን በአግባቡ ሊወጣ ይችላል? ከነጭ ወንጌላውያን አማኞች ይችላል ያሉት 30 በመቶ ነበሩ። ዶናልድ ትራምፕ በተወዳደሩበት በ2016 ያው ጥያቄ ሲቀርብ 72 በመቶ ደረሱ። በመሃል ከመጽሐፍ ቅዱስ የተለወጠ ጥቅስ የለም። የተለወጠው እጩው ነው።

ነገሩ ድሮም ነበር። ሰባኪው ጄሪ ፋልዌል በ1965 ጥቁሮች ለመብታቸው ሲሰለፉ፣ ሰባኪ የተጠራው ነፍስ ሊያድን እንጂ ፖለቲካ ውስጥ ሊገባ አይደለም ብለው ሰብከዋል። በ1979 ግን «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የፖለቲካ ንቅናቄ ራሳቸው መሠረቱ። በዓመቱ ብዙ ወንጌላውያን የሰንበት ትምህርት ያስተምሩ የነበሩትን ባፕቲስቱን ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን ትተው ወግ አጥባቂውን ሮናልድ ሬገንን መረጡ።

ታዲያ እምነት ከፖለቲካ ይራቅ እያልኩ ነው? በፍጹም! በርሚንግሃም ከተማ የሚገኘውን የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አስቡት። የመብት ሰልፈኞች መሰብሰቢያ ነበር። መስከረም 1963 እሑድ ጠዋት ዘረኞች በቦምብ መቱት፤ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። እዚያ እምነት ሰውን ወደ አደባባይ አወጣ፤ ዋጋም አስከፈለ። ምርጫ ለማሸነፍ ብሎ ስብከትን ከማስተካከል ጋር አንድ አድርጌ ላየው አልችልም።

የሚያሳዝነኝ ከሃይማኖት የራቁት ሰዎች ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃይማኖት የለኝም የሚል አሜሪካዊ ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከአራት አንድ በላይ ነው። ማይክል ሃውትና ክሎድ ፊሸር የተባሉ ምሁራን በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ከወግ አጥባቂው ፖለቲካ ጋር መጣበቁ ነው ብለዋል። እግዚአብሔርን ሳይጠሉ ከፖለቲካው ሸሽተው ከሃይማኖት የወጡ አሉ ማለት ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቼ፣ እስቲ ጻፉልኝ፦ ሰባኪያችሁ አብዛኛው ምእመን የሚመርጠውን ፓርቲ በስሙ ጠርቶ ሲገሥጽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰማችሁስ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩ ሞላ?