አንዷን ድንጋይ ተዉአት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ላፕቶፓችሁን ዝጉልኝ አልልም፣ ግን ለትንሽ ደቂቃ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ጌም መሥራት የምትፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ግራፊክስ ነው። የትኛው ኢንጂን (ጌም የሚሠራበት ሶፍትዌር) ይሻላል፣ ስንት ጂቢ ራም ያስፈልጋል፣ ወዘተ። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ በ8 ኪሎባይት ስለተሠራ ጌም ነው። አዎ፣ ኪሎባይት። በቴሌግራም የምትላላኩት ስቲከር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

አስትሮይድስ ይባላል። የካሊፎርኒያው አታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ ላይ ያወጣው፣ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት ማሽን ነው። ሐሳቡን ያመጣው ላይል ሬይንስ ነው፣ ኮዱን የጻፈው ኤድ ሎግ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሥራው ደግሞ የሃዋርድ ዴልማን። ስክሪኑ ጥቁር ነው። መሃል ላይ ሦስት ማዕዘን የመሰለች መንኮራኩር አለች፣ እሷ እናንተ ናችሁ። ዙሪያዋን አራት ትላልቅ ድንጋዮች ይንሳፈፋሉ። ትልቁን ስትመቱት ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ግማሽ እንደገና ለሁለት፣ ትንሿ ብቻ ናት ስትመታ ብን ብላ የምትጠፋው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንድ ትልቅ ድንጋይ ድራሹን ለማጥፋት ሰባት ጊዜ መምታት አለባችሁ። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚተኩስ ሰው ችግሩን በገዛ እጁ እያበዛ ነው።

ስክሪኑን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የመጣው ከእሱ ነው። የያኔው ቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ሸማኔ ጋቢ እንደሚሸምነው ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር እየደረደረ ነው፣ ምንም የሌለበትንም ቦታ ሳይቀር ያልፍበታል። የቬክተር ስክሪን እንደዚያ አይደለም። የኤሌክትሮን ጨረሩ በቀጥታ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሄዶ መስመሩን ይስላል፣ ባዶው ቦታ ጉዳዩም አይደለም። ቀለም አይሞላም፣ ፊት አይስልም፣ ዛፍ አይስልም። መስመሩ ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነው። ሎግ ቬክተር ይሁን ያለውም ለዚህ ነው፤ የመንኮራኩሯ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ በደንብ ካልታየ እንዴት አነጣጥራችሁ ትተኩሳላችሁ? ጥቁር ብቻ በነጻ የሚሰጥ ስክሪን ይዘህ ስለ ጠፈር ካልሠራህ ስለ ምን ትሠራለህ!

ደግሞ ጥይቶቹ። ጥይቱ ነጥብ ስለሆነ ጨረሩ እዚያችው ቦታ ላይ ያርፍበታል፣ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ ደምቆ ይቦግጋል። በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያጫውት ፕሮግራም ስትጫወቱት ይሄ ነገር ይጠፋል፣ ያናድደኛል።

አነዳዱም ጉድ ነው። ጆይስቲክ የለውም፣ አምስት በተን ብቻ። ወደፊት የሚገፋውን ተጭናችሁ ስትለቁት መንኮራኩሯ አትቆምም፣ መንሸራተቷን ትቀጥላለች። ማቆም ከፈለጋችሁ ዞራችሁ ወደ ኋላ መግፋት ነው። በእውነተኛው ጠፈር ማንም ካልያዛት እስከ ወዲያኛው ትሄድ ነበር፣ እነሱ ግን ትንሽ አጭበርብረዋል፣ ቀስ እያለች ፍጥነቷ ይቀንሳል። ደግ አደረጉ። ፊዚክሱ ልክ ሆኖ ጨዋታው ከሚበላሽ ፊዚክሱ ትንሽ ቢዋሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ። ትልቅ ድንጋይ 20 ነጥብ ነው፣ መካከለኛው 50፣ ትንሹ 100። አልፎ አልፎ ደግሞ በራሪ ሳህን እየተኮሰ ያልፋል፤ ትልቁ 200፣ ትንሹና አነጣጣሪው 1000። ድንጋይ አልቆ ስክሪኑ ካልጸዳ ቀጣዩ ዙር አይመጣም። በየ10,000 ነጥቡ ተጨማሪ መንኮራኩር ይሰጣችኋል። እነዚህን ሕጎች ለየብቻ ብታዩአቸው ምንም ችግር የለባቸውም።

የዚያን ጊዜ ተጫዋች ልጆች ግን ደመሯቸው። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ሆን ብለው ይተዋሉ፣ ከዚያ በስክሪኑ ጠርዝ ሽው እያሉ ሳህኑን ይጠብቃሉ። ሳህኑ በጠርዝ በኩል አዙሮ ማነጣጠር አይችልም፣ እነሱ ግን በአንዱ ጎን የወጣ ጥይት በሌላው እንደሚገባ ያውቃሉ። ብቅ ሲል ድው! አስር ትንንሽ ሳህን ማለት አንድ መንኮራኩር ማለት ነው። በአንድ ሳንቲም ሰዓታት። ጆተኒ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ሒሳቡ ይገባዋል፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ቶሎ ተሸንፋችሁ ድጋሚ እንድትከፍሉ ነው፣ እዚህ ግን አንድ ጎረምሳ ከሰዓቱን ሙሉ ማሽኑ ላይ ተተክሎ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል።

በ1982 ስኮት ሳፍራን የሚባል የ15 ዓመት ልጅ 41,336,440 ነጥብ አስቆጠረ። ማሽኑ 99,990 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ስለዚህ ቆጣሪው ከ400 ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው። እስከ 2010 የሰበረው አልነበረም። የሰበረው ጆን ማክአሊስተር ከሁለት ቀን በላይ ማሽኑ ላይ ቆይቷል፣ የበለጠውም በ2,300 ነጥብ ብቻ ነው።

አታሪም ዝም አላለም። በ1981 አስትሮይድስ ዴሉክስን አወጣ፣ ሳህኖቹ በጠርዝ በኩል አዙረው መተኮስ ቻሉ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። የፊተኛውን ያህል ግን አልተወደደም። በኔ ግምት ሰው የወደደው ያንን ቀዳዳ ጭምር ነበር። ሰባ ሺህ ገደማ ማሽን ያሸጠው ጌም ቀዳዳው ያለበት ነው። ስለዚህ የሠራችሁትን ጌም ለሰው ስትሰጡ ከኋላው ቆማችሁ እዩ፣ «እንደዚህ አይደለም የሚጫወተው» ብላችሁ አትጩኹ። ተንኮሉ ያስቀው እንደሆነ እዩና ከዚያ ትደፍኑታላችሁ ወይም ትተዉታላችሁ።

በሉ፣ ኋላ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ጭነነዋል። ወደፊት የሚገፋውን ነካ ነካ ብቻ አድርጉት። ሲጨንቃችሁ ሃይፐርስፔስ የሚለውን ትጫኑና ሌላ ቦታ ብቅ ትላላችሁ፣ አንዳንዴ ብቅ ስትሉ ትፈነዳላችሁ፣ እኔን እንዳትወቅሱ። የተሸነፈ ለሚቀጥለው ይልቀቅ።