ከፈረሱ ጭራ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ነው፤ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ጭኔ ላይ አንድ ቫዮሊን አለ። ሆዱ ተሰንጥቋል፣ አንገቱም ተነቃንቋል። ያመጣልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሩን ልጆች ሙዚቃ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። «ይኼ ከእንግዲህ ድምፅ አይሰጥም። ፈረስ ሣልበትና እንሽጠው፤ ለልጆቹ ክርና ደጋን እንገዛበታለን» አለኝ። ውጭ አገርም እንዲህ የሚያደርጉ የሙዚቃ ቡድኖች አሉ፤ ያረጀውን ቫዮሊን ሠዓሊ ያስጌጠዋል፣ በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ይውላል።

ለምን «ፈረስ ሣል» እንዳለኝ ወዲያው ገባኝ። ደጋኑ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነዋ! የእኛ ማሲንቆማ ደጋኑም የፈረስ ጭራ፣ ያቺ አንዲት ክሩም የፈረስ ጭራ። ጭራ ከጭራ ሲተሻሽ ነው አንጀት የሚበላው ያ ድምፅ የሚወጣው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አዲስ ደጋን ደረሳት። ክሩ ላይ ብትስበው፣ ብትስበው፣ ዝም! ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዲስ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ ይንሸራተታል እንጂ ክሩን አይዝም። ጓደኛዬ ደረቁን ሙጫ ሰጣትና እያመላለሰች አሸችው፤ ነጭ ብናኝ ቀሚሷ ላይ ረገፈ። ከዚያ ሳበችው። ሻካራ ነበር፣ ግን ድምፅ ነበር! ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡላት። እኔ ራሴ ጉሮሮዬ ተያዘ።

ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፈረሰኛ ሰማዕታት ለማየት። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። ተመልሼ ፈረሴን በጎኑ ብነድፈው ባለ አንድ ዓይን ሆነብኝ፤ ልቤ እንቢ አለ። አጠፋሁትና ፊቱን ወደ እኛ አዞርኩት። ጭራውን በስንጥቁ ላይ አስኬድኩት። ስንጥቁ አሁንም አለ፣ ግን ጭራ ሆኗል።

አንድ ትልቅ ሰው አይተውት «ደህናው ቫዮሊን ላይ ብትሥል እኮ የበለጠ ያወጣ ነበር» አሉኝ። ለልጆቹ አስበው ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። የቫዮሊን ሆድ ስስ እንጨት ነው፣ የሚዘፍነው ስለሚርገበገብ ነው፤ ቀለም ሲጫነው ይታፈናል። የሚዘፍነውን ለልጅ እንስጥ። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ቁምሳጥን ላይ አቧራ የለበሰ ቫዮሊን ካለ፣ መጀመሪያ ልጅ ይሞክረው።

ትናንት ያቺ ልጅ መጥታ አየችው። «ጋሼ፣ ስሙ ማነው?» አለችኝ። የፈረስ ስም እንዴት እንደሚወጣ ነገርኳት፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። እዚህ ላይ አስቆመችኝ።

«ቃኘው? ጋሼ፣ እኛም እኮ ከመጫወታችን በፊት እንቃኛለን!»

አንገቱ ላይ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ አባ ቃኘው ብዬ ጻፍኩበት። ቀለሙ ገና አልደረቀም።