የአይሱዙ ማርሚታ፣ የዓባይ አቀበትና ቁልቁለት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዚህ ክፍል የማነሣው ብዙ የጎጃም ባለመኪናዎች የሚከራከሩበትንና እኔም ሰሞኑን ለራሴ መኪና እያሰብኩበት ያለውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ቱርቦ ካለው የናፍጣ ጭነት መኪና ላይ የፋብሪካውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አውርዶ ሰፋ ባለ ሌላ የጭስ ማውጫ መተካት ነው። መኪናዬ አራት ሲሊንደርና 5.2 ሊትር የቱርቦ ሞተር ያለው አይሱዙ ሲሆን፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በቆሎ፣ ከቢቸናና ከደጀን ደግሞ ጤፍ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ስለዚህ ስለ ማርሚታ ሳስብ ከድምፁና ከመልኩ ይልቅ የዓባይ በረሃ ይታየኛል።

አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ የሚሽከረከረው ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው። ጭሱ ወደ ቱርቦው ከመግባቱ በፊት ሙቀቱንና ግፊቱን እንደያዘ መቆየት አለበት፤ ቱርቦውን ካለፈ በኋላ ግን ወደ ውጭ ለመውጣት የሚያግደው ነገር ባነሰ መጠን ይሻላል። «ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል» የሚለው የጋራዥ ወሬ ከቱርቦ በኋላ ላለው ቱቦ አይሠራም። አልፍሬድ ቡሺ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ለዚህ አሠራር በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘ ሲሆን፣ በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወጥቶ፣ ቱርቦ የተገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር ሞክሯል። ያ ከፍታ ከእኛው የጮቄ ተራራ ጫፍ ብዙም አይርቅም። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ 2,400 ሜትር በሚደርስ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በደጋችን ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚደክመውና ቱርቦ ያለው የሚበረታው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ሻጮች «ቱቦው ጉልበት ይጨምራል» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አላምናቸውም። የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነውና የነዳጅ ፓምፑ ሳይነካ ቱቦው ብቻ ቢሰፋ የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር የተበላሸበት ወይም የአየር ማጣሪያው በአውድማ አቧራ የታፈነ መኪና ጥቁር ጭስ ቢተፋ፣ ማርሚታ መቀየሩ በሽታውን አይነካውም። እውነተኛው ጥቅም የሙቀት ጉዳይ ነው። ጎጃም ላይ የተጫነ መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነውን አቀበት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ እንደተረገጠ ይጓዛል፤ ጭሱ ቶሎ ከወጣለት ቱርቦው አየሩን በቀላሉ ያስገባል፣ የጭሱም ሙቀት ዝቅ ይላል። ለዚህ ጥቅም ሲባል ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን አቀበቱ ከመምጣቱ በፊት ከደጀን ወደ ወንዙ መውረድ አለ፤ ክርክራችን የሚዘነጋውም ይህንን ነው። በእኛ አይሱዙዎች ላይ ከቱርቦው በኋላ፣ ከማርሚታው በፊት፣ በቱቦው ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ የሞተር ፍሬን የምንለው እርሱ ነው። ሾፌሩ ማብሪያውን ከፍቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ነዳጁ ይቋረጣል፣ ፒስተኖቹም መውጫ ያጣውን አየር እየገፉ መኪናውን ይይዙታል። ያለ እርሱ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ የወረደ መኪና የፍሬኑ ታምቡርና ሸራ ግለው፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መያዝ እንዲያቅተው ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ያው አንድ ቱቦ ለሽቅብ ክፍት፣ ለቁልቁል ዝግ እንዲሆን ይጠበቅበታል።

ከውጭ ተዘጋጅተው የሚመጡት ቱቦዎች ብዙዎቹ ለፒክአፕ የታሰቡ ስለሆኑ ለቫልቩ ቦታ የላቸውም። አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ መካኒክ ቱቦውን አሳይቶኝ «ጋሼ፣ የሞተር ፍሬኑ የት ሊገባ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱማ ቦታ የለውም፤ ቀስ እያልክ በእግር ትወርዳለህ» አለኝ። በሙያው የማከብረው ሰው ነው፤ በዚህ ግን አልተስማማንም። የእኔ ውሳኔ ከቱርቦው እስከ ቫልቩ ያለውን የፋብሪካ ክፍል ሳልነካ ከቫልቩ በኋላ ያለውን ብቻ ባለ 4 ኢንች ማድረግ ነው፤ ቫልቩ ሲዘጋ በሞተሩና በቫልቩ መካከል የሚታመቀውን ግፊት የሚችለው በልክ የተሠራ ቱቦና ደህና ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) እንጂ የተጣደፈ ብየዳ አይደለም።

አገጣጠሙ ላይ የብረት መርዘም ይረሳል። ሦስት ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር ተራው ብረት 11 ሚሊሜትር፣ ስቴንለሱ 15 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሞተሩም በጎሚኒዎቹ (በጎማ መቀመጫዎቹ) ላይ ይወዛወዛል። ቱቦው ከሻንሲው ጋር በብየዳ ከተጣበቀ የሚሰነጠቀው ደካማው ቦታ፣ ብዙ ጊዜም የቱርቦው መውጫ ነው። ስለዚህ ተጣጣፊ ቱቦና ባለጎማ ማንጠልጠያ ያስፈልጋል። ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ አልልም፤ ማግኔት የያዘው ሁሉ ተራ ብረት እንዳልሆነ ብቻ ይታወቅ፣ ለማርሚታ የሚውል ማግኔት የሚይዝ ስቴንለስም አለና።

የአፉ አቅጣጫም ቀላል ነገር አይደለም። በቀኝ መንዳታችን እግረኛውንና አህያ ነጂውን በቀኝ ጠርዝ ስለሚያደርጋቸው፣ ጭሱ ወደ ቀኝ ሊተፋባቸው አይገባም። ወደ ታች ያቀና ትኩስ አፍም ጤፍ ልንጭን ገለባ በተበተነበት አውድማ ስንቆም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወደ ላይ የቆመ ቱቦ የሚያማምራቸው ሾፌሮች አሉ፤ የጎጃም ክረምት ግን ክዳን የሌለውን ቱቦ ውኃ ይሞላዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገጥማለሁ፤ በአሮጌው ማርሚታ አቀበቱን ስወጣ የሚያሳየውን ካልመዘገብኩ የአዲሱን ጥቅም በወሬ እንጂ በማስረጃ መናገር አልችልም። ከገጠምኩም በኋላ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ ስመለስ ቡሎኖቹን በቀዘቀዙበት እንደገና አጠብቃቸዋለሁ፣ መጋጠሚያዎቹም ጭስ የማምለጡ ምልክት የሆነው ጥላሸት እንዳይኖርባቸው ይታያሉ። ከቫልቩ በፊት ጥላሸት ከታየ መኪናው ሳይጫን ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ንባቦቹን ይዤ በሌላ ክፍል እመለሳለሁ።