ደብዳቤው ይቅር

የተከበራችሁ የክልልና የዞን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የላብራቶሪ ልጆች፣ እንደምን አላችሁ!

ፕሮግራሙ ላይ «የክትትልና ቁጥጥር ሥራን ስለማጠናከር» የሚል ርዕስ ተሰጥቶኛል። ሰፊ ነው። ሁሉንም በስሱ ነካክቼ ከምወርድ፣ ሆዴ ውስጥ ስለቆየ አንድ ነገር ላውራችሁ። ስለ ደብዳቤው።

የቱ ደብዳቤ እንዳትሉኝ። ለቁጥጥር ከመውጣታችን በፊት ለፋብሪካው የምንልከው። «ጉዳዩ፦ የመስክ ምልከታን ይመለከታል። ባለሙያዎቻችን በዚህ ቀን ስለሚመጡ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው ዘንድ እንጠይቃለን።» ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው። እሱ ከደረሰ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚሠራ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ ወደ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ሄድን። ስሙ ይቅር። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ቆሞ ነው የጠበቀን። የእንግዳ መዝገቡ ላይ ስማችን ቀድሞ ተጽፏል። ግቢው ታጥቧል፤ የዛፎቹ ግንድ ኖራ ተቀብቷል። የፍሳሽ ማጣሪያው ጋ ስንደርስ አየር ማስገቢያው ሞተር ያጓራል። ውሃው ጥሩ፣ ሽታው የለም ማለት ይቻላል። የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ፒኤች ለካን፣ ናሙና ቀዳን። ቡናም ተፈልቶ ነበር።

አብራን የነበረች አንዲት ወጣት ባለሙያ ስኒዋን አስቀምጣ የማጣሪያውን መዝገብ አነሳች። በየዕለቱ የሚሞላው ቅጽ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፒኤች፣ ፊርማ። ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ አንድ ስርዝ የሌለው። ገጹን ገለጠችና ምንም ሳትናገር ወደኔ አዞረችው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። መዝገቡ እስከ ዓርብ ተሞልቷል። ገና ያልመጣው ዓርብ ፒኤቹ ተለክቶ፣ ተፈርሞበት ቁጭ ብሏል!

ሥራ አስኪያጁ ቅንጣት አልደነገጠም። «ልጁ ጎበዝ ነው» አለን፣ «ሥራ አያሳድርም።»

ሳቁ፣ ግድ የለም። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ውሃው ደረጃውን አሟልቷል! ለምን አያሟላ? ደብዳቤ ደርሶታል። ከፋብሪካው በታች ወንዙ ዳር ያሉት ገበሬዎች ደግሞ «ውሃው የሚለወጠው ማታ ነው፣ እናንተ የምትመጡት ቀን ነው» ይሉናል። ምን ብለን እንመልስላቸው?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ጊዜው ነው። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ተገቢ መስሎ በታየው ሰዓት ወደ ማንኛውም ይዞታ መግባት ይችላል ይላል። ናሙና በነጻ ይወስዳል፣ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል። ፖሊስ እንኳ በመርህ ደረጃ ለብርበራ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ማውጣት አለበት። ሕጉ ቁልፉን በእጃችን ሰጥቶን እኛ በር ላይ ቆመን እናንኳኳለን! ደብዳቤውን ጻፉ የሚለን አንቀጽ የለም። የሚያስጽፈን ልማድ ነው፣ ይሉኝታ ነው።

«ባለሀብቱ ይቀየማል» ይባላል። ይቀየም! የሚሠራ ማጣሪያ ያለው ሰው በየትኛውም ሰዓት ብንሄድ ምን ይጎድልበታል? «መኪና ስለሌለን ፋብሪካው ያመላልሰን» የሚልም ሰምቻለሁ። በሚቆጣጠሩት ሰው መኪና ሄዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ምኑን ነው የሚቆጣጠሩት?

ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ ቢሆን ባልጮኽኩ። አዋሽን ተመልከቱ። ከጊንጪ በኩል ተነስቶ፣ የአቃቂን ውሃ በአባ ሳሙኤል በኩል፣ የሞጆን ደግሞ ቆቃ ላይ ተቀብሎ አፋር ይወርዳል። ባሕር አይገባም። አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የጨመርንበት ሁሉ እዚሁ እኛው ጋ ይቀራል ማለት ነው። ፍሳሹ የሚለቀቀው አንድ ክልል ላይ ነው፣ ግመሉ የሚጠጣው ሌላ ክልል ላይ። ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ሲነጋ ታች ወርዷል። ረፋድ ላይ የምንቀዳው ጠርሙስ ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ከመለቀቂያው በላይና በታች ጭቃውንም ውሰዱ። ክሮም፣ ያ የቆዳ ማልፊያው ኬሚካል፣ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል። ደብዳቤ ደረሰው ተብሎም በአንድ ሌሊት አይታጠብም።

ሌላውን በአጭሩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ይሁንታ የሰጠነው ፕሮጀክት የገባውን ግዴታ መፈጸሙን እንድንከታተል ያዘናል። እኛ ግን የተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱ ላይ ማኅተም ካረፈ በኋላ ደግመን አንገልጠውም። ለመስክ ስትወጡ የአካባቢ አያያዝ ዕቅዱን ይዛችሁ ውጡ፤ ቃል የገቡትን ከራሳቸው ወረቀት አንብቡላቸው።

አቤቱታም አለ። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን ባይነካውም፣ ለእኛ ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰንን፣ ወይም ውሳኔያችን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህንን ለገበሬዎቹ ንገሯቸው። አዎ፣ እኛኑ እንዲያስጨንቁን።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም ነገር አላነሳም። በፌዴራል ደረጃ ባለሥልጣን ነበርን፣ ሚኒስቴር ሆንን፣ ኮሚሽን ሆንን፣ ተመልሰን ባለሥልጣን ሆንን። የተለወጠው ሁሉ ታፔላና ማኅተም ነው። ደብዳቤው ግን ይኸው አለ።

የምጠይቀው ቀላል ነው። የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት ዕቅድ ስትሞሉ «ለድርጅቱ በቅድሚያ ማሳወቅ» የሚለውን ተግባር ሰርዙት። ቅዳሜና ማታ የሚወጣ ቡድን መድቡ፣ ነዳጅና አበሉን ከአሁኑ ያዙለት። የቢሮ ኃላፊዎች ሁላችሁም እዚህ አላችሁ። ከሻይ በፊት እሺ ወይም እንቢ በሉን።

አመሰግናለሁ።