ከሐረር እስከ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ከአክስቴ ጉዞ የተነሳ ነገር ነው የማወራችሁ። አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ "በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?" ሲባል መልሱ ወዲያው መጣ፤ አንድ ሰዓት። ይሄ መልስ ሐረር ላለ ሰው አይሠራም፣ በተለይ ለታመመ ሰው።

ሐረር ያለ ሰው አውሮፕላን የሚይዘው ድሬዳዋ ሄዶ ነው። ከድሬዳዋ ኤርፖርት ቦሌ በቀጥታ መስመር 343 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አየር ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ በሰዓት ወደ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስታካፍሉት ግማሽ ሰዓት ይመጣላችኋል። ቲኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ለምን? ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው፤ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ሽቅብ የሚወጣበትና ፍጥነት ቀንሶ የሚወርድበት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን ደንገጎ የሚባለው ቁልቁለት አለ! አወዳይ ላይ ጫት የጫነው አይሱዙ መንገዱን ይዞታል፣ ሐሮማያን አልፋችሁ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሚኒባሱ በየኩርባው ፍሬን እየያዘ ይወርዳል፣ ከፊት የተጫነ መኪና ካለ ደግሞ ከኋላው መከተል ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። 55ቱ ኪሎ ሜትር ከ343ቱ ጋር እኩል ሰዓት ይበላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ፈጣን ነው ብሎ መዘናጋት ልክ አይደለም።

ሌላው ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ቲኬቱ ላይ 08:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ለትልልቅ ሰዎች እባካችሁ በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉላቸው፤ በእኛ 8 ሰዓት መስሎት ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው አለና።

እስቲ እንቁጠረው። በረራው ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንበል። ለፍተሻና ለሻንጣ 12 ሰዓት ላይ ድሬ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። ከሐረር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ትነሳላችሁ። ቦሌ 3 ሰዓት ገደማ ታርፋላችሁ፤ ሻንጣ ትጠብቃላችሁ፣ ታክሲ ትይዛላችሁ፣ የአዲስ አበባን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ 4 ሰዓት ተኩል ከደረሳችሁ ጥሩ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው፣ ያውም በረራው ካልዘገየ።

የአክስቴ ቀጠሮ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ትበራለች፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ታድራለች። ቲኬቱን እንደዚያ ቆርጠንላታል።