የዓመት ካርድ እና የእማማ ቆሎ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ርዕሳችን የልጆች መዝናኛ የዓመት ካርድ ነው። ልግዛ ወይስ በሄድኩ ቁጥር ትኬት ልቁረጥ? ከገዛሁስ ምን አይቼ ልምረጥ? እሷ ካርዱን ከያዘች ዓመት ሊሞላት ነው፣ እኔ ገና አልገዛሁም። ስለዚህ ዛሬ ጠያቂው እኔ ነኝ።

እሷ፦ እኔ ዛሬ ብዙ ነው የማወራው፣ ከአሁኑ ልንገርህ።

እሱ፦ አውሪ፣ ለዚህ አይደል የተቀመጥነው።

እሷ፦ እኛ የምንኖረው ከአያት ወዲያ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ታውቃለህ። መዝናኛው ከሰፈራችን በአንድ ታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። ጥቅምት ላይ ሦስት ካርድ ገዛሁ፤ ለኔ፣ ለልጄ ለሚጣና ለእናቴ። ሰው ሁሉ «ለእማማ ለምን? እሷ ምን ላይ ልትወጣ ነው?» አለኝ።

እሱ፦ እኔም ብያለሁ።

እሷ፦ አንተም ብለሃል! ቆይ ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው። እማማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ቋጥራለች። «እናቴ፣ ምንድነው እሱ?» አላት። ቀስ ብላ ፈታችው፤ ቆሎ! ገብስና ሱፍ፣ ጠዋት ራሷ የቆላችው፣ ገና ሽታው አልጠፋም። «ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም» አላት። «ልጄ፣ ይሄ ምግብ ነው እንዴ? ቆሎ እኮ ነው። እንካ፣ ቅመስ።»

እሱ፦ ኧረ እማማ!

እሷ፦ ልጁ ሁለት እጁን አጋጥሞ ተቀበላት። እንደዛ ጎንበስ ብሎ፣ ቤቱ እናቱ እንደሚሰጡት አድርጎ። ግን አላስገባላትም፤ ሕግ ነው። እማማም ቅር አላላትም፣ ቋጠሮውን እሱ ጋ አስቀምጣ ገባች። ስንወጣ ግማሽ ሆኖ ነበር።

እሱ፦ በላው!

እሷ፦ ብላ ብላው ነው እንጂ! ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር እማማ ለሱ የሚሆን ለብቻ ትቋጥራለች። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ጊዜ ላይ ጉንፋን ይዟት ሳትቆላ ቀረች። በሩ ላይ ስንደርስ ቦርሳውን እንኳን ሳያይ «እማማ፣ ዛሬ ቆሎ የለም እንዴ? አሞሽ ነው?» አላት።

እሱ፦ አቤት! ግን እህቴ፣ ይሄ ከካርድ ምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እሷ፦ ዋናው እሱ ነው! በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣን ሰው ማን ያውቀዋል? ካርዱ ደንበኛ አደረገን። ምን መሰለህ፣ ካርድ ሳይኖረን አንድ ጊዜ በቀን ትኬት ወስጃት ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚጣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ አፏ አካባቢ አይስክሬም ደርቆ። እኔ ምን አደረግኩ? ቀሰቀስኳት። «ተነሺ፣ ጃምፒንግ ይቀረናል፣ ተከፍሎበታል» ብዬ። እያለቀሰች ወጣችበት። ያን ቀን እስከዛሬ አልረሳውም።

እሱ፦ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ሁላችንም አድርገነዋል።

እሷ፦ አሁን ግን ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ እንሄዳለን፣ አንድ ሰዓት እንቆያለን፣ ደክሞኛል ካለች እንወጣለን። ከተከፈለው ብር ጋር ትግል የለም። ካርድ የሚገዛው ለዚህ ነው፤ አጭር ቆይቶ ለመመለስ።

እሱ፦ እሺ፣ እኔ ግን ሂሳቡን ልያዝ። ካርዱ የቀን መግቢያውን ስንት እጥፍ ነበር?

እሷ፦ ስምንት እጥፍ።

እሱ፦ ስለዚህ ዘጠነኛው ጊዜ ላይ ነው ማትረፍ የሚጀመረው። በዓመት 52 ቅዳሜ አለ ብለሽ አትቁጠሪ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ሰኔና መስከረምም ከፊሉ ይሄዳል። መብረቅ ካለ ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጋላቸው ደግሞ መቼ ነው? ልክ በዚያው በክረምት!

እሷ፦ እውነት ነው፣ እሱ ያናድዳል።

እሱ፦ ከዚያ ጥር ሰርግ፣ ሚያዝያ ሰርግ፣ ዕድር፣ ለቅሶ፣ ክርስትና። ቢበዛ ሃያ ቅዳሜ ቢተርፍሽ ነው። ለዚህ እኔ የምመክረው መስከረም ላይ መግዛት ነው፤ ክረምቱ እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ከፊትሽ ነው።

እሷ፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ካርዱ የዓመት ነው አይደል? በየትኛውም ወር ግዛው፣ ውስጡ አንድ ክረምት አለ። ሰኔ ብትገዛ ክረምቱ መጀመሪያ ላይ ይበላሃል፣ መስከረም ብትገዛ መጨረሻ ላይ። የክረምቱ ቁጥር አይቀየርም።

እሱ፦ ቁጥሩ አይቀየርም፣ ግን የልጅ ጉጉት መጀመሪያ ላይ ነው። ሰኔ ገዝተሽ ሁለት ወር ቤት ከተቀመጠ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል።

እሷ፦ እሱስ… እሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ዓመቱ ከገዛህበት ቀን ነው ወይስ መጀመሪያ ከገባህበት ቀን የሚቆጠረው? መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ነው።

እሱ፦ ከመግባትሽ ጀምሮ ከሆነ ሰኔ ላይ በቅናሽ ገዝቶ መስከረም መጀመር ይቻላላ!

እሷ፦ ይኸው፣ ሁለታችንም ልክ ሆንን። ደግሞ የበዓል ቀን ይሠራል ወይ ብለህ ጠይቅ። እንቁጣጣሽ ላይ ሄደህ «ዛሬ ካርዱ አይሠራም» ቢሉህ አበባ የያዘች ልጅ ይዘህ ምን ታደርጋለህ?

እሱ፦ ይሄማ ውጭ አገርም ያለ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ትልቁ መዝናኛ ዲዝኒላንድ በፈረንጆቹ 2021 የዓመት ካርዱን ማጂክ ኪይ ብሎ አዲስ አደረገው። ረከስ ያለውን ከያዝሽ ብዙ ቀን ይዘጋብሻል፣ ክፍት በሆነው ቀንም ለመግባት ቀድመሽ ማስያዝ አለብሽ።

እሷ፦ ማስያዝ? የኔ ካርድ ጥቅሙ እኮ ድንገት ተነስቶ መሄድ ነው! ልብስ አጥቤ ጨርሼ፣ ሚጣ መስኮት ላይ ቆማ «እማ፣ ፀሐይ ወጣ» ስትለኝ። እሱን ከወሰዱብኝ ርካሹ ካርድ ምን ይረባኛል?

እሱ፦ ግን ሰው ብዙ ከሆነ እኮ ወረፋ ነው…

እሷ፦ ወረፋውን ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነው የምታየው። አስር ሰዓት ና። አንድ ነገር ብቻ ያዝ፤ ስትመርጥ የጨዋታውን ብዛት አትቁጠር፣ ከቤትህ ያለውን ርቀት ቁጠር። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የውሃ መዝናኛው የቱንም ያህል ቢያምር የአያት ሰው በየሳምንቱ አይሄድም፤ ነዳጁ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ፣ እዚያ የሚበላው ምሳ። ለሱ የቀን ትኬት ይሻላል። ካርዱ ትራንስፖርት አይከፍልልህም።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ሽሮሜዳ ነኝ፣ ለኔ እንጦጦ ፓርክ ነው የሚቀርበኝ። በኛ አቆጣጠር በ2013 ከተከፈተ ጀምሮ ልጆቹን እወስዳለሁ። ለመንሸራሸር ሳይሆን ለዚፕ ላይን (በገመድ ተንጠልጥሎ ለመንሸራተቱ)፣ ለፈረስ፣ ለየብቻው ነው የምከፍለው።

እሷ፦ አንተማ ካርድ ምን ያደርግልሃል! ባሕር ዛፉ መሃል መሮጥ ይበቃቸዋል። ጃኬት ብቻ አትርሳ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይዋ ዘወር ስትል ብርዱ ወዲያው ነው።

እሱ፦ ልጆቼ ግን ያንቺ ሚጣ የምታወራውን፣ እናንተ መዝናኛ ያለውን መርከብ የሚባል ጨዋታ ነው የሚሉኝ።

እሷ፦ መርከቡ! መርከቡን ሳልነግርህ! መርከቡ ጋ ቁመት የሚለካበት እንጨት አለ፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፤ 120 ሴንቲ ሜትር። ጥቅምት ላይ ሚጣ 117 ነበረች። ተረከዟን ልታነሳ ስትሞክር አስተናጋጇ ትከሻዋን በሁለት ጣት ጫን አደረገቻት። ቤት ገብተን በር መቃኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ መለካት ነው። ኅዳር፣ ምንም። ታኅሣሥ፣ የእርሳሱ ውፍረት ያህል። ያን ቀን ምን አለች መሰለህ? «እማማ ቆሎ ያሳድጋል ብላኛለች።» ያኔ ነው ቆሎ መብላት የጀመረችው፣ ድሮ አፏ ውስጥ አታስገባም ነበር!

እሱ፦ ቆሎው ተመለሰ!

እሷ፦ ግንቦት ላይ ሄድን። ጫማዋን አወለቀች፣ ማንም ሳይላት። ጀርባዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አስተናጋጇ መዳፏን ጭንቅላቷ ላይ አስተካክላ አሳረፈች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ የሰንሰለቱን መንጠቆ ፈታችው። ምንም አላለችም፤ ሰንሰለቱን ብቻ ፈታችው። ሚጣ ዓይኗን የገለጠችው በድምፁ ነው።

እሱ፦ ኧረ አንቺ ልጅ… እኔን አስለቀስሽኝ።

እሷ፦ እማማ እታች ቆማ እልል አለች። ያ ጥበቃ እንኳን ከበሩ ሮጦ መጣ፣ ምን ሆኑ ብሎ። ለሷ ካርድ ለምን ገዛሽ ላላችሁኝ ሁሉ እኔ ሌላ መልስ የለኝም።

እሱ፦ እሺ፣ ሂሳቡስ? ስንት ጊዜ ሄዳችሁ?

እሷ፦ ሃያ ሦስት። ሰሌዳ ላይ ነው የምጽፈው። ግን ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ብሄድም አልቆጭም ነበር።

እሱ፦ እኔ እቆጫለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለሦስት ሰው ስምንት እጥፍ ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የቀን ትኬት ቆርጬ አያለሁ፣ ልጆቹ ሁለተኛ ውሰደን ካሉ አስብበታለሁ።

እሷ፦ እሱም መንገድ ነው። አንዳንድ ቦታ በዚያው ቀን ወደ ካርድ ልቀይር ካልክ የቀን ትኬቱን ብር ይቀንሱልሃል፣ ከመውጣትህ በፊት ጠይቃቸው። ካርዱ ላይ ፎቶ አለ፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ከጠፋም ማስተኪያ ይከፈላል። የኛን እማማ ከዕድር ደብተሯ ጋር ነው የምታስቀምጠው።

እሱ፦ ያንቺ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ታድሺዋለሽ?

እሷ፦ ሚጣ ሌላ ነገር አይታለች፤ 130 የሚል ሁለተኛ እንጨት አለ።

እሱ፦ በቃ አልቋል! ቅዳሜ እኔም ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት?

እሷ፦ አስር ሰዓት፣ በሩ ላይ። ቆሎ እማማ ይዛለች።